ከሼቲል እግር ባሻገር

ተክሉ፦ ወንበር ነው እኮ! ወንበር! ወንበር ይከፋዋል?

ገነነ፦ ለወንበሩ ብዬ አይደለም።

ተክሉ፦ ታዲያ ለማን ብለህ ነው?

ገነነ፦ ባለፈው እሑድ ወንጌላዊ ብርሃነመስቀል የተቀመጡበት ነው።

ተክሉ፦ ተነሥተው ሄደዋል!

ገነነ፦ መነሣቱንስ ተነሥተዋል።

[ኦስሎ፣ ቶየን ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የተክሉ ቤት ጠባብ ኮሪደር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር በጀርባው ተጋድሞ አራት እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሏል። ከወዲህ ገነነ ቆሟል። የሃምሳ ዓመት ደፍ ላይ የደረሰ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት የሚሠራ ጸጥተኛ ሰው ነው። ጀርባው ላይ አንድ ከረጢት ጤፍ አለ፤ መኖሩን የረሳው ይመስላል። ከወዲያ ተክሉ ቆሟል፤ ትራም ነጂ ነው። ቁመቱ ከወንበሩ መደገፊያ ብዙም አይርቅም። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል።]

ተክሉ፦ ስማ ወንድሜ፣ እንደገና ከሥሩ ላስረዳህ። ጁጂትሱ ምንድን ነው?

ገነነ፦ ሁለት ዓመት የተማርኩት ነዋ።

ተክሉ፦ አንተ የተማርከው በሰውነትህ ነው። እኔ በጭንቅላቴ ነው የተማርኩት፤ በዩቲዩብ። ሰውየው በጀርባው ይተኛል፤ እግሮቹን እንደ አጥር ያቆማል። አንተ አጥሩን አልፈህ ጎኑ ላይ ትደርስና በደረትህ ትጫነዋለህ። ማለፍ ማለት ይኸው ነው። ለማለፍ ምን ያስፈልጋል?

ገነነ፦ ፈቃድ።

ተክሉ፦ ጉልበት! የጭን ጉልበት፣ የወገብ ጉልበት፣ የመጨበጥ ጉልበት!

ገነነ፦ ጉልበትስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለኝ።

ተክሉ፦ ቢኖርህ ኖሮ የዚያን አብሮህ የሚሠለጥነውን የሼቲልን እግር ስታይ ይህን ሁሉ ጊዜ ተገትረህ ትቀር ነበር? አሠልጣኙ ምን አለህ? ድገመው እስኪ።

ገነነ፦ «ገነነ፣ አንተን የሚጥል አልተገኘም፤ ማለፍ ግን እንቢ ብሎሃል። በፈተናው ቀን የሼቲልን እግር አንዲት ጊዜ ብቻ እለፍ፤ ሰማያዊው ቀበቶ ያንተ ነው» አለኝ።

ተክሉ፦ ፈተናው መቼ ነው?

ገነነ፦ ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ተክሉ፦ ቀበቶውን ካላገኘህስ?

ገነነ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የሥልጠና አዳራሹ ይቀርብናል። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አርብ አርብ አደባባዩ ላይ በብርድ ቆመው ነው የሚያመሹት። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ «ከእናንተ ወገን ሰማያዊ ቀበቶ ያለው ኃላፊ አቅርቡ፤ አዳራሹን በነፃ ውሰዱ» ብሏል። ካልሆነ ሰዓቱ ለአዛውንቶች የታንጎ ዳንስ ይሰጣል።

ተክሉ፦ ለታንጎ!

ገነነ፦ እነሱም ያሳዝናሉ፤ እነሱም ብርዱ አለባቸው። ግን ለልጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ጸልዬበታለሁም።

ተክሉ፦ ጸሎት መልካም ነው። ግን ዳዊትም ቢሆን ወንጭፉን ይዞ ነው ወደ ሸለቆው የወረደው። ጎልያድን ጥሎ በላዩ ቆመበት! አየህ?

ገነነ፦ ጎልያድ ግን ረጅም ነበር።

ተክሉ፦ ምን አገናኘው?

ገነነ፦ ምንም። ዝም ብዬ ነው።

[ተክሉ ፊሽካውን ነፋ። ከታች ፎቅ አንድ ሰው ግድግዳውን ደበደበ።]

ተክሉ፦ ጤፉን አውርድ። አሁን ወደ ወገብ ሥራ ነው የምንሄደው። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አንሣ።

ገነነ፦ ወዴት ልውሰደው?

ተክሉ፦ ምድር ቤት።

ገነነ፦ ባለፈው ሳምንት ከምድር ቤት ያወጣሁት እሱኑ አይደለም?

ተክሉ፦ ማውጣት ለጭን ነው፤ ማውረድ ለወገብ። ሳይንስ ነው።

ገነነ፦ ሃይሚ ግን «ማሽኑ ሲሽከረከር ድምፁ ተክሉን እንቅልፍ ነሥቶት ነው» አለችኝ።

ተክሉ፦ ሃይሚ ሚስቴ ናት እንጂ አሠልጣኝ አይደለችም።

ገነነ፦ ቁም ሣጥኑን ከክፍል ክፍል የገፋሁትስ?

ተክሉ፦ እሱ ለግፊት ነው። ደረቱ ላይ ስትጫን ሰውየው ቁም ሣጥን የወደቀበት መስሎት መተንፈስ አለበት።

ገነነ፦ ሳሎኑን ቀለም የቀባሁትስ?

ተክሉ፦ ለትከሻ።

ገነነ፦ ምንጣፉን ያራገፍኩትስ?

ተክሉ፦ ለመጨበጥ! ኧረ አንተ ሰው፣ ይኼ ሁሉ ጥያቄ ለምን? አመስጋኝ መሆን ነበረብህ።

ገነነ፦ አመሰግናለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን አንተን ከምድር ባቡሩ መውጫ እስከዚህ ድረስ አዝዬ ያመጣሁህ ለምን እንደነበረ እስካሁን አልገባኝም።

ተክሉ፦ ለሚዛን ነው። ሕያው ክብደት ይባላል። ጤፍ አይንቀሳቀስም፤ እኔ እንቀሳቀሳለሁ።

ገነነ፦ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር እኮ።

ተክሉ፦ አስመስዬ ነው።

ገነነ፦ አንዲት ሴትዮ አስቁማኝ አምቡላንስ ልትጠራ ነበር።

ተክሉ፦ ደግ ሴት።

ገነነ፦ «ልጅህን ምን ነካው?» አለችኝ።

ተክሉ፦ [ፊቱ ተለዋወጠ] ጃኬቱ ነው! ጃኬቱ ሰፊ ስለሆነ አሳጥሮኝ ነው። በእኛ ቤት አጭር ሰው የለም። አባቴ ረጅም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አድነው አምፖል ሲቀይር ወንበር አይፈልግም። አጭር የሚባል ሰው ከቤታችን አልወጣም!

ገነነ፦ ከ…

ተክሉ፦ ከማን በስተቀር?

ገነነ፦ ከማንም።

[ሁለቱም ወንበሩን ያያሉ። ገነነ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን በሁለት እጁ አቀናው፤ አቧራውንም ጠረገለት። በሆዱ «ወንጌላዊ ይቅር ይበሉኝ» አለ።]

ተክሉ፦ ተወው ወንበሩን። በሰው እንሞክረው። እኔ ሼቲል ነኝ። [ኮሪደሩ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹን አቆመ።] እለፈኝ!

ገነነ፦ በሳሎን በኩል ዞሬ ልምጣ?

ተክሉ፦ ሳሎኑ መውጫ የለውም! በዚሁ ነው። ና!

ገነነ፦ ያመሃል።

ተክሉ፦ አያመኝም! ቆራጥ ሁን! እለፍ ስልህ!

[ገነነ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ተክሉን በብብቱና በጉልበቱ ሥር ይዞ እንደ ተኛ ሕፃን አነሣው፤ ኮሪደሩ ዳር የቆመው ቁም ሣጥን አናት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ኮሪደሩን በሰላም አልፎ ከወዲያ ቆመ።]

ገነነ፦ አለፍኩ።

ተክሉ፦ [ከቁም ሣጥኑ ላይ] ይኼ ምንድን ነው?

ገነነ፦ መንገድ ላይ የተኛ ሰው ይነሣል እንጂ…

ተክሉ፦ ክልክል ነው! ሼቲልንም እንዲህ ነው የምታደርገው?

ገነነ፦ አንድ ጊዜ አንሥቼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። አሠልጣኙ «ናይ፣ ናይ» ብሎ ከለከለኝ። ከዚያ ወዲህ መዞር ጀመርኩ።

ተክሉ፦ መዞር ያለ ነው! በቪዲዮ አይቻለሁ፤ እግሩን በእጅ ወደ ጎን እየጣሉ በፍጥነት መዞር። እና?

ገነነ፦ እኔ ስዞር እሱም በጀርባው ይዞራል። እስራኤል ኢያሪኮን ሰባት ቀን ዞሩ፤ ቅጥሩ ወደቀ። ሼቲል ግን የሚወድቅበት የለውም፤ መጀመሪያውኑ ተኝቷል።

ተክሉ፦ ችግርህን አገኘሁት! ታፋህ ነው! ታፋ ላይ ገና ምንም አልሠራንም። ፍሪጁን…

ገነነ፦ ወንድም ተክሉ፣ ፍሪጁን ተወው። አትቆጣኝና አንድ ነገር ልንገርህ።

ተክሉ፦ መጀመሪያ አውርደኝ።

ገነነ፦ እዚያው ሆነህ ብትሰማኝ ይሻላል። ልትስቅብኝ ነው፤ መሬት ላይ ከሆንክ ደግሞ ከሳቅህ በፊት ትጮኽብኛለህ።

ተክሉ፦ በል።

ገነነ፦ ጉልበት አንሶኝ አይደለም። ሼቲል አጭር ነው።

ተክሉ፦ እና? ይቀልልሃላ!

ገነነ፦ ገና ለጋ ወጣት ነው፤ ግን ቁመቱ እስከ ብብቴ ነው። አንድ ቀን ልብስ ስንቀይር «እናቴ አንተ ዘግይተህ የምታድግ ዓይነት ነህ ትለኛለች፤ እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ዓይኑን ብታየው! እንግዲህ እንዲህ ተስፋ ያለው ልጅ ተኝቶ ሳለ በላዩ ልሻገርበት?

ተክሉ፦ ብትሻገረው ምን ይሆናል?

ገነነ፦ አያድግማ!

[ተክሉ ፍጥጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ቁም ሣጥኑ እስኪንቋቋ ሳቀ። ገነነ ሲያወርደውም መሳቁን ቀጠለ። ሃይሚ ሥራ ባትሄድ ኖሮ ጠርቶ ያስቃት ነበር።]

ተክሉ፦ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት! ኦስሎ ከተማ! ሰው ስልኩን አናግሮ መንገድ በሚያገኝበት ዘመን! አንተ ደግሞ ወንጌል የተማርክ ሰው!

ገነነ፦ እኔ እኮ አላምንበትም።

ተክሉ፦ ታዲያ ተሻገራ!

ገነነ፦ እኔስ አላምንበትም፤ እግሬ ነው እንቢ የሚለው። አነሣዋለሁ፤ ተኝቶ የሚያየኝን ሰው ሳይ ባለበት ይቀራል። ልጅ ሆኜ ታናሽ እኅቴን ስሻገር እናቴ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ አለ።

ተክሉ፦ አሁን ገባኝ። አንተ ከወገብህ በላይ ድነሃል፤ ከወገብህ በታች ገና ነህ!

ገነነ፦ ጸልይልኝ።

ተክሉ፦ ጸሎት አይደለም የሚያስፈልግህ፤ ማሳያ ነው። ተኛ!

ገነነ፦ እኔ?

ተክሉ፦ ተኛ አልኩህ! የአያቶችህን ወሬ ከእግርህ ላይ የምነቅልልህ ዛሬ ነው።

[ገነነ ተጋደመ፤ ኮሪደሩ ሞላ። እግሮቹን ሲያቆም የመብራቱን ሽፋን ነካው። ተክሉ እጅጌውን ሰብስቦ እንደ መምህር ጉሮሮውን ጠረገ።]

ተክሉ፦ ተመልከት። አንደኛ፣ ጉልበቱን በእጅ ወደ ታች መጫን። ሁለተኛ፣ ወገብ ዝቅ። ሦስተኛ፣ እግርን አንሥቶ… [በብዙ ጭንቅ እግሩን አነሣ] …እንዲህ… ማለፍ! አለፍኩ! ሰማይ ተደፋ? አጠርክ? ምን ሆንክ?

ገነነ፦ ምንም አልሆንኩም።

ተክሉ፦ ምንም! ይኼ ሁሉ ባዶ ፍርሃት ነው። ሰው የሚያድገው በምግብ ነው፤ በእንቅልፍ ነው፤ በዘር ነው። መሻገር አለመሻገር ከአጥንት ጋር ምን ያገናኘዋል? አጥንት አያይም! አጥንት አይሰማም!

[ይህን እየተናገረ ዞረ፤ እግሩን አነሣ፤ በገነነ ላይ ባለፈበት በኩል ተመልሶ ተሻገረ፤ ሱሪውን አራገፈ።]

ገነነ፦ ወንድም ተክሉ።

ተክሉ፦ አቤት።

ገነነ፦ ለምን ተመለስክ?

ተክሉ፦ ከየት?

ገነነ፦ ከዚያ ማዶ። ካለፍክ በኋላ፣ ባለፍክበት ተመለስክ እኮ።

ተክሉ፦ ማን? እኔ?

ገነነ፦ አሁን።

ተክሉ፦ ፊሽካዬን ረስቼ ነው።

ገነነ፦ አንገትህ ላይ ነው ያለው።

ተክሉ፦ [ፊሽካውን ዳስሶ] ለዚህ ነዋ ያጣሁት! ተነሣ! ፈተናህ ደረሰ፤ የእኔም ተራ ደረሰ። ትራሙ አይጠብቀኝም።

ገነነ፦ [እንደተኛ፣ ፊቱ እየበራ] መመለስ አለ! እንዴት ረሳሁት? እናቴ «ተሻገርክ!» ብላ ብቻ አይደለም እኮ የጮኸችው፤ «ተመለስ!» ብላም ነበር! ጩኸቱን ሰማሁ፤ ትእዛዙን ረሳሁ! ወንድም ተክሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ!

ተክሉ፦ ለልብስ ማጠቢያው ነው የምታመሰግነኝ?

ገነነ፦ ለሁሉም።

ተክሉ፦ በል እንግዲያው ይዘኸው ውረድ። በደረጃ ሂድ፤ ሊፍቱን እኔ እይዘዋለሁ።

[ከሰዓት በኋላ። የቶየን አደባባይ፣ ከምድር ባቡሩ መግቢያ አጠገብ ያለ አግዳሚ ወንበር። ገነነ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ተክሉ የትራም ነጂ ልብሱን እንደለበሰ እያለከለከ ደረሰ።]

ተክሉ፦ አትናገር! ከሩቅ ነው ያየሁህ። ያ ጀርባ የተሸነፈ ሰው ጀርባ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍሪጁን ጠዋት ማስነሣት ነበረብኝ!

ገነነ፦ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነው።

ተክሉ፦ ልጆቹ ሰሙ?

ገነነ፦ ሰምተዋል።

ተክሉ፦ አለቀሱ?

ገነነ፦ ጮኹ። አንዱማ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

ተክሉ፦ ከንዴት?

[ገነነ ተነሥቶ ጃኬቱን ከፈተ። ወገቡ ላይ ሰማያዊ ቀበቶ ታስሯል፤ ለማውለቅ አልጨከነም ነበር።]

ተክሉ፦ [ዘሎ] ያ! ያ! ልብስ ማጠቢያዬ! ያለፍከው በልብስ ማጠቢያዬ ነው!

ገነነ፦ ያለፍኩትስ በእግሬ ነው።

ተክሉ፦ ንገረኝ! ከመጀመሪያው ንገረኝ!

ገነነ፦ ሼቲል ተኛ፤ እግሩን አቆመ። እኔም በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን እግሬን አንተ ምራልኝ» አልኩ። ጉልበቱን ተጫንኩት፤ ወገቤን ዝቅ አደረግሁ፤ አለፍኩ። ደረቱ ላይ ተጫንኩ። አሠልጣኙ አጨበጨበ።

ተክሉ፦ አለቀ!

ገነነ፦ አላለቀም። ተነሣሁና ባለፍኩበት ተመለስኩ።

ተክሉ፦ ምን? የያዝከውን ቦታ ለቀህ? በፈተና መካከል?

ገነነ፦ ታዲያ ልጁን እንደዚያው ልተወው? ሼቲል ግራ ገባው፤ እግሩን እንደገና አቆመ። እኔም መቼም ጀምሬዋለሁ ብዬ እንደገና አለፍኩ። እንደገናም ተመለስኩ።

ተክሉ፦ እስከ መቼ?

ገነነ፦ ደወሉ እስኪደወል። ሲደወል አልፌ ማዶ ነበርኩ፤ አሠልጣኙን «አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለስኩ።

ተክሉ፦ ጣሉህ! ደንብ ነው እኮ!

ገነነ፦ አሠልጣኙ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰው አንድ ጊዜ ለማለፍ ይሞታል፤ ይህ ሰው አልፎ፣ ያገኘውን ቦታ በገዛ እጁ መልሶ፣ እንደገና ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ትሕትና አይቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትለማመዱት» አለ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ኖርዌጂያን ሲሻገሩና ሲመለሱ ትቻቸው መጣሁ።

ተክሉ፦ ምክንያቱን ነገርካቸው?

ገነነ፦ ለሼቲል ብቻ።

ተክሉ፦ በሳቅ ሞተ!

ገነነ፦ አልሳቀም። ክንዴን ያዘና «ሁሉንም ጊዜ ተመልሰሃል? እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «አንዲትም አላስቀረሁም» ስለው አቀፈኝ።

ተክሉ፦ ምስኪን።

ገነነ፦ አዳራሹ የእኛ ሆኗል፤ ከሚመጣው አርብ ጀምሮ። ለታንጎዎቹም ሐሙስን ሰጧቸው። እግዚአብሔር ማንንም ብርድ ላይ አይጥልም፤ አየህ?

[ተክሉ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩ መሬት አልነካም። ገነነ የጓደኛውን ጫማዎች አየ፤ ዓይኑንም ቶሎ መለሰ።]

ተክሉ፦ ገነነ።

ገነነ፦ ወይ።

ተክሉ፦ ለምሳሌ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ልጅ ሆኖ ቢሻገሩትና ሳይመለሱለት ቢቀር?

ገነነ፦ የት ሆኖ?

ተክሉ፦ በረንዳ ላይ ተኝቶ። ታላቅ ወንድሙ ኳስ ሊያመጣ ሲሮጥ በላዩ ዘሎ ሄደ።

ገነነ፦ ኳሱን ይዞ ሲመጣስ?

ተክሉ፦ በጓሮ በር ነው የገባው! በጓሮ ዞሮ!

ገነነ፦ ውይ።

ተክሉ፦ አላምንበትም እኮ።

ገነነ፦ አውቃለሁ።

ተክሉ፦ አጥንት አያይም።

ገነነ፦ አያይም።

ተክሉ፦ [ስልኩን አውጥቶ እየደወለ] ለሰላምታ ነው የምደውለው… ሄሎ! ጋሼ? ጋሽ አድነው? ደኅና ነህ? እኛ ደኅና ነን… የለም፣ የሞተ ሰው የለም። በሐምሌ ልትጠይቀን የምትመጣው ቁርጥ ነው አይደል? ጎሽ… በርበሬ አልፈልግም። ሽሮም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማስቸግርህ፤ ቀላል ነው፣ ሻንጣም አያስፈልገው… ስትመጣ እነግርሃለሁ።

ገነነ፦ [በሹክሹክታ] አሁን ጠይቀው፤ እስከ ሐምሌ ሊረሳው ይችላል። ባለፈበት በኩል ነው መመለስ ያለበት።

ተክሉ፦ [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] የምተኛበትንስ የት እናነጥፋለን?

ገነነ፦ ኮሪደሩ ላይ። ቁም ሣጥኑን እኔ እገፋልሃለሁ።

ተክሉ፦ [ወደ ስልኩ ተመልሶ፣ በትንሽ ልጅ ድምፅ] ጋሼ… ያኔ፣ በረንዳው ላይ… በእግሬ በኩል ነበር ወይስ በራሴ በኩል?